ከተፈጥሮ ሀብትና ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች የተቀነሰን በጀት አንብቦ ለመሞገት፦ ለዋሽንግተን ግዛት ነዋሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

የዋሽንግተን ግዛት ገዥ ቦብ ፈርጉሰን የ2025–27ን የሁለት ዓመት በጀት የፈረሙት ሜይ 20 ቀን 2025 ሲሆን፣ በጀቱ የተዘጋጀው ግዛቲቱ በአራት ዓመት ውስጥ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን ጉድለት በተደቀነባት ወቅት ነበር። ለሰደድ እሳት መከላከልና ለደን እንክብካቤ በየሁለት ዓመቱ 125 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ በ2021 በወጣ ሕግ ታስቦ የነበረው ገንዘብ በዚህ በጀት ወደ 60 ሚሊዮን ወረደ። የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ዋጋ ከጁላይ 1 ጀምሮ በ38 ከመቶ ተጨመረ። በግዛቱ ፓርኮች መኪና ለማቆም የሚያስፈልገው ዓመታዊው ዲስከቨር ፓስ ደግሞ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ከ30 ወደ 45 ዶላር ከፍ አለ።

በሲያትል፣ በሬንተን፣ በተክዊላና በአካባቢያቸው የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን ለውጦች በቀጥታ ከኪሱ ይከፍላቸዋል፤ በኦገስትም የሰደድ እሳቱን ጭስ ይተነፍሳል። ይሁን እንጂ «በጀቱ ተቀነሰ» የሚለውን ዜና ከመስማት አልፎ ከየትኛው መሥሪያ ቤት፣ ከየትኛው ሥራ፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር እንደተቀነሰ ማወቅና ድምፅን በጊዜው ማሰማት የሚፈልግ ሰው መንገዱን የሚያሳየው አያገኝም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው። የሒሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ትዕግሥትና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

የትኛው መሥሪያ ቤት ምን ይሠራል?

በመጀመሪያ የሚያሳስብዎትን ጉዳይ ከትክክለኛው መሥሪያ ቤት ጋር ያገናኙ፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው አቤቱታውን ወደማይመለከተው ይልካል። የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ የግዛቱን ደንና መሬት ያስተዳድራል፤ ወደ 13 ሚሊዮን ኤከር በሚጠጋ የደን መሬት ላይም ሰደድ እሳትን የመዋጋት ኃላፊነት አለበት። ኢኮሎጂ መምሪያ የውኃን፣ የአየርንና የመርዛማ ቆሻሻን ጉዳይ ይይዛል። የዓሣና የዱር እንስሳት መምሪያ ፈቃድ ይሰጣል፣ የዓሣ ማራቢያዎችን ያንቀሳቅሳል። ፓርኮቹ በራሳቸው ኮሚሽን ሥር ናቸው። በመጠጥ ውኃና በሚበላ ዓሣ ላይ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው ግን የጤና መምሪያው በመሆኑ በጀቱ የሚገኘው በሌላ ክፍል ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በደቡብ ሲያትል የሚያልፈው የዱዋሚሽ ወንዝ የታችኛው 5 ማይል ከ2001 ጀምሮ ክፉኛ የተበከሉ ቦታዎች በሚመዘገቡበት በፌዴራሉ የሱፐርፈንድ መዝገብ ላይ ይገኛል። ጽዳቱን የሚመራው የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው፤ ከዙሪያው ወደ ወንዙ የሚገባውን ብክለት ከምንጩ የማስቆም ሥራ የሚመራው በኢኮሎጂ መምሪያ ነው፤ ከሳልሞን በቀር በወንዙ ውስጥ የሚኖረውን ዓሣና ሸርጣን እንዳንበላ የሚያሳስበው የጤና መምሪያው ነው። በዚህ ወንዝ ላይ መንጠቆ የሚጥል ሰው የሦስት መሥሪያ ቤቶችን በጀት መከታተል ይኖርበታል ማለት ነው።

ሰነዱን ማግኘትና መክፈት

የበጀቱ ሕግ ራሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ቢኖሩትም፣ የተፈጥሮ ሀብት ጉዳይ በሥራ ማስኬጃው በጀት ክፍል ሦስት ተጠቃሎ ስለሚገኝ ሌላውን ማገላበጥ አያስፈልግዎትም። የ2025–27 ሕግ በሴኔቱ የቀረበው ረቂቅ ቁጥር 5167 ነው። በክፍል ሦስት ውስጥ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ አንቀጽ አለው፤ አንቀጹ ገንዘቡ የሚወጣባቸውን ቋቶች ከነመጠናቸው ይዘረዝርና ድምሩን ካስቀመጠ በኋላ «ይህን ያህል ዶላር ለዚህ ሥራ ብቻ ተሰጥቷል» የሚሉ ንዑስ አንቀጾችን ያስከትላል። እነዚህ ንዑስ አንቀጾች በበጀት ሰዎች ዘንድ ፕሮቪዞ ይባላሉ። ባለፈው በጀት የነበረ ፕሮቪዞ በአዲሱ ከሌለ፣ ያ ሥራ በሕግ የታሰረለት ገንዘብ የለውም፤ መሥሪያ ቤቱ ከፈለገ ይቀጥለዋል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። ስለዚህ አሮጌውንና አዲሱን አንቀጽ ጎን ለጎን ከፍቶ የጠፋውን ፕሮቪዞ መፈለግ ከሁሉ የፈጠነው ምርመራ ነው።

ሕጉ ግን ምን እንደተቀነሰ አይነግርዎትም፤ የሚነግርዎት ምን እንደተመደበ ብቻ ነው። ቅነሳውን የሚያሳየው የሁለቱ ምክር ቤቶች የበጀት ባለሙያዎች የሚያዘጋጁት የየመሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ነው፤ በሕግ አውጪው የበጀት ድረ ገጽ ላይ «ኤጀንሲ ዲቴይል» በሚል ስም ይወጣል። ሰንጠረዡ ከላይ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ወጪ፣ ከሥሩ ነባሩን ሥራ ለማስቀጠል የሚያስፈልገውን መጠን፣ ቀጥሎ የተጨመረውንና የተቀነሰውን እያንዳንዱን ነገር በተራ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ከሰንጠረዡ በታች ለእያንዳንዱ ተራ ቁጥር የሁለት ወይም የሦስት መስመር ማብራሪያ አለ። ቁጥሮቹ የሚጻፉት በሺህ ዶላር ነው፤ 60,000 የሚል ካዩ 60 ሚሊዮን ነው። የመቀነስ ምልክት ያለበትን መስመር ሁሉ ያስምሩበትና ማብራሪያውን ያንብቡ።

«ተቀነሰ» ሲባል ከምን?

የበጀት ክርክር ሁሉ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

አንድ መሥሪያ ቤት ባለፉት ሁለት ዓመታት 200 ሚሊዮን ዶላር ነበረው እንበል። የሠራተኛ ደመወዝ ጨምሯል፣ የኪራይና የነዳጅ ዋጋ ተወዷል፣ አምና በዓመቱ አጋማሽ የተጀመረ ሥራ ዘንድሮ የሙሉ ዓመት ወጪ ይጠይቃል። ያንኑ ሥራ፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ ለማስቀጠል 220 ሚሊዮን ያስፈልጋል፤ ይህ በሰነዱ ላይ «ሜንተናንስ ሌቭል» የተባለው መጠን ነው። ምክር ቤቱ ያጸደቀው 210 ሚሊዮን ነው። አሁን አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ «በጀቱን በ5 ከመቶ አሳድገናል» ቢል አልዋሸም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «10 ሚሊዮን ተቀንሶብናል፣ ሰው ልናሰናብት ነው» ቢሉም እውነታቸውን ነው። አንዱ የሚያነጻጽረው ካለፈው ወጪ ጋር ነው፣ ሌላው ሥራው ከሚጠይቀው ወጪ ጋር።

ለነዋሪ የሚጠቅመው ሁለተኛው ንጽጽር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የሚያገኙትን አገልግሎት የሚወስነው ገንዘቡ ሥራውን መሸፈኑ ወይም አለመሸፈኑ እንጂ ቁጥሩ ከአምናው መብለጡ አይደለም። ሆኖም «ሜንተናንስ ሌቭል» ራሱ የተሰላው በሰው እጅ መሆኑን አይርሱ። አንድን ሥራ «ጊዜያዊ ነበር» ብሎ ከስሌቱ ማውጣት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሥራው ሲቆም ቅነሳ ተብሎ በየትም መስመር ላይ አይታይም። ለዚህ ነው የጠፉ ፕሮቪዞዎችን መፈለግ አስቀድሞ የተመከረው።

ከገንዘቡ ጎን ለጎን የሠራተኛ ብዛትን የሚያሳይ ዓምድ አለ፤ እሱንም ይመልከቱ። ገንዘቡ ብዙም ሳይነካ የሰው ቁጥር ከወረደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ የቆዩ የሥራ መደቦች ተሰርዘዋል ማለት ነው። ባዶ መደብ መሰረዝ ማንንም የማይጎዳ ይመስላል፤ ነገር ግን መደቡ ባዶ የሆነው ሥራው ስለሌለ ሳይሆን ተቀጣሪ ስላልተገኘ ከሆነ፣ የውኃ ናሙና የሚወስደው ወይም የፋብሪካ ፈቃድ የሚመረምረው ሰው መቼም አይመጣም። ጊዜያዊ ቁጠባ የሚባሉትንም ለይተው ይዩ፤ ለምሳሌ ገዥው በፌብሩዋሪ 2025 የግዛቱ ሠራተኞች በወር አንድ ቀን ያለ ደመወዝ እንዲያርፉ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ በመጨረሻው በጀት ግን አልገባም። በዜና የሰሙት ሐሳብ ሁሉ ሕግ አይሆንምና የመጨረሻውን ሰነድ ሳያዩ አይናገሩ።

ገንዘቡ የሚወጣው ከየት ነው?

የትምህርት ቤት በጀት በዋነኛነት ከጠቅላላው የግብር ቋት ሲመጣ፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች በጀት ግን ከብዙ ትንንሽ ቋቶች የተሰባሰበ ነው። በየአንቀጹ የተዘረዘሩትን ቋቶች በአራት መመደብ ይቻላል፦ ጠቅላላው ቋት፣ የፌዴራል ገንዘብ፣ ለተወሰነ ዓላማ በሕግ የተለዩ ቋቶች፣ ከተጠቃሚ የሚሰበሰብ ክፍያ። ቅነሳው የትኛውን እንደነካ ሳያውቁ ማንን እንደሚሞግቱ ማወቅ አይቻልም። የቀነሰው የፌዴራሉ መስመር ከሆነ ለግዛቱ ሴናተር የሚጻፍ ደብዳቤ ብዙ አይረባም፤ የሚጻፈው ኮንግሬስ ላለው ተወካይ ነው።

ለተወሰነ ዓላማ ከተለዩት ቋቶች በጣም መታወቅ ያለበት የመርዛማ ቆሻሻ ቋት ነው። መራጮች በ1988 በሕዝበ ውሳኔ ያጸደቁት ይህ ሕግ በአደገኛ ንጥረ ነገሮች፣ በተለይም በነዳጅ ውጤቶች ላይ ግብር ይጥልና ገንዘቡን ለተበከለ መሬትና ውኃ ጽዳት ያውላል። ከ2019 ወዲህ በነዳጅ ላይ የሚጣለው ግብር በዋጋ ሳይሆን በበርሜል የሚሰላ ስለሆነ ገቢው የነዳጅ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ እንደ ድሮው አይዋዥቅም። ታዲያ ጉድለት በመጣ ቁጥር ይህ ቋት ዓይን ውስጥ ይገባል። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ከዚህ ቋት ወደ ጠቅላላው ቋት ገንዘብ ተዛውሯል። የበለጠ ረቂቅ የሆነው መንገድ ግን ልውውጥ ነው፤ ከጠቅላላው ቋት ይከፈል የነበረ ሥራ ወጪው ወደ መርዛማ ቆሻሻው ቋት ይዞራል። የመሥሪያ ቤቱ ድምር አይቀየርም፣ ማንም ሰው ከሥራ አይወጣም፣ በጋዜጣም አይጻፍም፤ የሚጎዳው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ሊጸዳ ተራ የያዘው ቦታ ነው። በዝርዝሩ ማብራሪያ ውስጥ «ፈንድ ሺፍት» ወይም «ፈንድ ስዊች» የሚል ካገኙ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው የተደረገ ዝውውር ነውና የሁለተኛው ኪስ ቀሪ ሒሳብ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ።

የተጠቃሚ ክፍያም የራሱ ታሪክ አለው። ዲስከቨር ፓስ የተፈጠረው በ2011 ሲሆን፣ ምክንያቱም ከቀውሱ በኋላ ፓርኮቹ ከጠቅላላው ቋት የሚያገኙት ገንዘብ በመቀነሱ ነበር። ከሽያጩ 84 ከመቶው ለፓርኮች፣ 8 ከመቶው ለተፈጥሮ ሀብት መምሪያ፣ 8 ከመቶው ለዓሣና ዱር እንስሳት መምሪያ እንዲከፋፈል ተደረገ። ያኔ እንደ ጊዜያዊ መፍትሔ የተመለከቱት ብዙዎች ነበሩ፤ ኢኮኖሚው ሲያገግም ግን ክፍያው አልተነሣም፤ ቀጣዩ ጉድለት ሲመጣ በግማሽ አደገ። የክፍያ ጭማሪ ባየን ቁጥር «ከጠቅላላው ቋት በአንጻሩ ምን ያህል ወጣ?» ብለን እንድንጠይቅ የሚያስገድደን ይህ ነው። (የቀን ፓሱ 10 ዶላር እንደሆነ ቆይቷል፤ በዓመት ከአራት ጊዜ በታች ወደ ፓርክ ለሚሄድ ቤተሰብ እሱ ይረክሳል። ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ፓሱን በውሰት መውሰድ ይቻላል።)

የመከላከልና የማጥፋት ወጪ

አሁን ወደ ሰደድ እሳቱ ገንዘብ እንመለስ። በሴፕቴምበር 2020 በሌበር ደይ ሰሞን በተነሣው እሳት በምሥራቅ ዋሽንግተን የምትገኘው የማልደን ከተማ አብዛኛዎቹ ሕንፃዎቿ በአንድ ቀን ተቃጠሉ። በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤቱ ረቂቅ ቁጥር 1168ን በአንድ ድምፅ አጸደቀ። ሕጉ በስምንት ዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር እንዲወጣ ያለመ ሲሆን፣ ገንዘቡ ለተጨማሪ እሳት ተከላካዮችና አውሮፕላኖች፣ ደንን ለማሳሳት፣ እንዲሁም በደን ዳር የሚኖሩ ሰዎች ቤታቸውን ከእሳት እንዲጠብቁ ለመርዳት የሚውል ነው። በ2025 ከግማሽ በታች የወረደው ይህ ነው።

በሰነዱ ላይ ግን እሳት የማጥፋት ወጪ በሌላ መስመር የተቀመጠ ነው። እሳት ሲነሣ ግዛቱ ገንዘብ አለኝ የለኝም ሳይል ያጠፋል፤ ሒሳቡ በሚቀጥለው ዓመት በተጨማሪ በጀት ይወራረዳል። ማንም የምክር ቤት አባል «እሳቱ ይንደድ» ብሎ ድምፅ አይሰጥም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ሥራ ግን ዘንድሮ ቢቀር ዘንድሮ የሚታይ ጉዳት የለውም። ስለዚህ የመከላከሉን መስመር ብቻውን ሳይሆን ካለፉት ዓመታት የማጥፊያ ወጪ ጋር አስቀምጠው ያቅርቡት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ቁጠባ የተባለው ነገር ቁጠባ መሆኑ ያጠራጥራል። በውኃ ጥራት ምርመራም፣ በወራሪ አረምም፣ በዘይት መፍሰስም ላይ ያው ነው።

መቼ መናገር ይገባል?

የግዛቱ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው፤ ከኢትዮጵያው ሐምሌ 1 የሚለየው በአንድ ሳምንት ብቻ ስለሆነ ለማስታወስ አያስቸግርም። አብዛኛው ሰው ድምፁን የሚያሰማው ግን በሜይ፣ ገዥው ሊፈርሙ ሲሉ ወይም ከፈረሙ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ሥራው የሚጀመረው በሴፕቴምበር ነው። በዚያ ወር መሥሪያ ቤቶች የሚፈልጉትን ገንዘብ ለገዥው የፋይናንስ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያቀርባሉ፤ ጥያቄያቸውም ለሕዝብ ይወጣል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያልጠየቀውን ገንዘብ ምክር ቤቱ እንዲመድብ ማድረግ እጅግ ከባድ ስለሆነ በዚህ ወቅት ለመሥሪያ ቤቱ የሚጻፍ አጭር ደብዳቤ በኋላ ከሚጻፉ ብዙዎች ይበልጣል።

ገዥው እስከ ዲሴምበር 20 የራሳቸውን የበጀት ሐሳብ ያወጣሉ። ምክር ቤቱ በጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ ይከፈታል፤ ዋናው በጀት በሚወጣበት ጎዶሎ ቁጥር ዓመት (እንደ 2025) 105 ቀን፣ ማስተካከያ በሚደረግበት ሙሉ ቁጥር ዓመት (እንደ 2026) 60 ቀን ይሰበሰባል። የሁለቱ ምክር ቤቶች ረቂቅ በጎዶሎ ዓመት የሚወጣው በአብዛኛው ማርች መጨረሻ ላይ፣ አዲሱ የገቢ ትንበያ ከተሰማ በኋላ ነው። ረቂቁ ከወጣ በኋላ የሕዝብ አስተያየት መስሚያው ስብሰባ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ሐሳብዎን አስቀድመው ጽፈው ይጠብቁ። በሴኔት የሚሰማው ዌይስ ኤንድ ሚንስ ኮሚቴ፣ በተወካዮች ምክር ቤት አፕሮፕሪየሽንስ ኮሚቴ ነው።

እንዴት መናገር ይገባል?

ኦሊምፒያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ስብሰባው ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረስ ተመዝግቦ በቪዲዮ መናገር፣ ወይም ሳይናገሩ «እደግፋለሁ» «እቃወማለሁ» ብሎ ስም ማስመዝገብ ይቻላል። የጽሑፍ ምስክርነት ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይቀበላሉ። ለመመስከር ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን የሚያስገቡት ሁሉ የሕዝብ መዝገብ ስለሚሆን በይፋ እንዲታይ የማይፈልጉትን የግል ጉዳይ አይጻፉበት። ለንግግር የሚሰጠው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ነው፤ በአስተርጓሚ ከሆነ ግማሹ በትርጉም ያልቃልና እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች በጽሑፍ ቢያቀርቡ፣ ልጆቻቸውም ቢተረጉሙላቸው ይሻላል።

ይዘቱ የተወሰነ ይሁን። «አካባቢያችንን ጠብቁልን» የሚለው ማንም የማይቃወመው ቃል ስለሆነ ማንንም አያስገድድም። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ያለው ይሠራል፦ «የ37ኛው ወረዳ ነዋሪ ነኝ። በኢኮሎጂ መምሪያው አንቀጽ በተራ ቁጥር ይህን ያህል የተቀነሰው ገንዘብ ወደ ዱዋሚሽ የሚገባውን ብክለት ለመቆጣጠር የሚውል ነው። ጎረቤቶቼ ከዚህ ወንዝ ዓሣ ያጠምዳሉ። መስመሩ እንዲመለስ፣ ይህ ካልተቻለም ቢያንስ የምርመራው ሥራ በፕሮቪዞ እንዲታሰር እጠይቃለሁ።» ወረዳ፣ መስመር፣ ምክንያት፣ ጥያቄ። ሁለተኛ አማራጭ ማቅረብ እንደ መሸነፍ መቆጠር የለበትም፤ የኮሚቴ ባለሙያዎች በመጨረሻው ሳምንት የሚፈልጉት ትንሽ ገንዘብ ወስዶ ትልቅ ቅሬታ የሚያበርድ ሐሳብ ነው።

በግዛቲቱ 49 ወረዳዎች አሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሁለት ተወካዮች አሉት። ለሦስቱም ጽሑፉን ይላኩ፤ ወይም በ1-800-562-6000 ወደ ምክር ቤቱ ነጻ መስመር ደውለው መልእክትዎ ለሦስቱም እንዲደርስ ያድርጉ። የእድር ወይም የማኅበር ሰብሳቢ በማኅበሩ ስም አንድ ደብዳቤ ከሚጽፍ ይልቅ ሃያ አባላት እያንዳንዳቸው በራሳቸው አድራሻ ቢጽፉ ክብደቱ የተለየ ነው፤ የተወካዩ ጽሕፈት ቤት የሚቆጥረው የወረዳውን ነዋሪ ነውና።

ከተፈረመ በኋላ

ገዥው ከበጀቱ ሕግ ውስጥ አንድን አንቀጽ ወይም አንድን የገንዘብ ድልድል ነጥለው መሻር ስለሚችሉ የተፈረመውን ሕግ ከነመልእክታቸው ያንብቡ። በጠቅላላ ድምር የተቀነሰ ገንዘብ የትኛውን ቢሮና የትኛውን ሥራ እንደሚነካ የሚታወቀው ግን ከዚህ በኋላ፣ መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን በየወሩና በየሥራው ሲደለድል ነው። ድልድሉን በሕዝብ መዝገብ ሕግ መሠረት በኢሜይል መጠየቅ ይችላሉ፤ መሥሪያ ቤቱ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። መልሱ ብዙ ጊዜ ሰነዱ ራሱ ሳይሆን መቼ እንደሚደርስ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው፤ ስለዚህ «ስለ በጀት ያላችሁን ሁሉ» ብለው አይጠይቁ፤ የፕሮግራሙን ስም፣ የበጀት ዓመቱንና «የድልድል ሠንጠረዥ» የሚለውን ለይተው ይጥቀሱ። በጁላይ የጠየቁት ሰነድ እስከ ሴፕቴምበር ከደረሰ፣ መሥሪያ ቤቱ ለማስተካከያው በጀት ጥያቄውን በሚያዘጋጅበት ወር በእጅዎ ይኖራል።